ቪትዝና ኮሮላን ግቢ ውስጥ መጠገን፦ ዕቃው፣ ልኩና ቅደም ተከተሉ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተወሰነ፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ሞልቷቸዋል ወይም ሊሞላቸው ነው። ደግነቱ ለግቢ ጥገና እንደ እነሱ የሚመች መኪና ጥቂት ነው። ሞተራቸው ትንሽ ነው፣ እጅ የሚያስገባ ቦታ አላቸው፣ ብሎኖቻቸውም ባመዛኙ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ናቸው። ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ባትሪ፣ ካንዴላና የፊት ፍሬን ሸራ ባለቤቱ ራሱ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሊጨርሳቸው የሚችል ሥራዎች ናቸው። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከሥራው ክብደት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ከመዝለልና ብሎንን በግምት ከማጥበቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ቁጥሮቹን ከነምክንያታቸው እናስቀምጣለን።

የመኪናዎ የባለቤት መጽሐፍ ካለ ከእኛ ቁጥር የእሱ ይበልጣል። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ቪትዞች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል፤ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ።

ዕቃው

መቶ ምናምን ፍሬ ያለው ርካሽ ሳጥን አይግዙ። 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቁጥር ቡሶላ ከነእጀታው፣ እንዲሁም በነዚሁ ቁጥሮች ቀለበታማ መፍቻዎች ይበቃሉ። ቡሶላው ከውስጥ ባለ 6 ጎን ይሁን። ባለ 12 ጎኑ ብሎኑን በጫፍ በጫፉ ስለሚይዘው፣ የዛገ ብሎን ሲያጋጥም ጭንቅላቱን ይልጠዋል፤ የተላጠ ብሎን ደግሞ የአሥር ደቂቃን ሥራ የግማሽ ቀን ያደርገዋል። በዚህ ላይ ከውስጡ ጎማ ያለው ባለ 16 ቁጥር የካንዴላ ቡሶላ፣ 15 እና 25 ሳንቲ ሜትር ማስረዘሚያ፣ ጠፍጣፋና ኮከብ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተርና የዘይት ፊልትሮ መፍቻ ይጨምሩ።

አንድ ውድ ዕቃ ብቻ ይግዙ ብንባል የምንመርጠው ቶርክ መፍቻ (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚለካ መፍቻ) ነው፤ ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ የሚለካ ይሁን። እስኪያገኙ ድረስ ግን በሒሳብ መጠጋት ይቻላል። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን እጀታ ጫፉ ላይ ይዘው 12 ኪሎ የሚያህል ጫና ሲያሳርፉ 35 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። በ50 ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ 21 ኪሎ ሲሆን 103 ይደርሳል። 12 ኪሎ ምን ያህል እንደሚከብድ እጅዎ እንዲያውቀው በሚዛን አንዴ ይሞክሩት።

መለዋወጫ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ አይተማመኑ። አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱና ጎን ለጎን ያስተያዩ። የዘይት ፊልትሮ ከሆነ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች በኩል ውስጡን ይመልከቱ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይት ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚከለክለው ጎማ ለስላሳና ሙሉ መሆን አለበት፤ ከሌለ ወይም ከደረቀ ጠዋት ሲያስነሱ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ይዞራል፣ ሲንኳኳም ይሰማል። ኢሪዲየም ተብሎ የሚሸጥ ካንዴላ የመሀል ጫፉ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነው። ወፍራም ጫፍ ያለው ካንዴላ በኢሪዲየም ዋጋ ከተጠየቀብዎት ይተውት።

መኪናውን ማንሳት

ሰው የሚሞትበት ቦታ ይህ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ የተሠራ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ክንድም ቢሆን አይግባ። ብሎኬት ደግሞ ከክሪክም የባሰ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጫናው አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ምልክት ሳያሳይ በአንዴ ይፈርሳል። ድንጋይ መደርደርም እንዲሁ ነው። የሚያስፈልገው ከብረት የተሠራ፣ ከፍታው የሚስተካከልና እያንዳንዱ ከ2 ቶን በላይ የሚሸከም መደገፊያ ጥንድ ነው።

መሬቱ ሜዳና ጠንካራ ይሁን። ኮብልስቶን ላይ የክሪኩ እግር በድንጋዮቹ መካከል ስለሚንሸራተት 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ ከሥሩ ያንጥፉ። እጅ ፍሬን ይያዙ፣ ካምቢዮው በእጅ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ ያድርጉት፤ በማይነሳው በኩል ያሉት ጎማዎች ፊትና ኋላቸው ታኮ ይደረግባቸው። የጎማውን ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ ከተነሳ በኋላ በኃይል መፍታት መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል።

የማንሻው ቦታ ከበሮቹ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ በሁለት ሰርጓዳዎች ተመልክቷል። ከዚያ ውጪ ካነሱት የወለሉ ቆርቆሮ ይጎብጣል። ካነሱ በኋላ መደገፊያውን ያስገቡ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርገው ክብደቱን መደገፊያው እንዲይዘው ያድርጉ፣ ከዚያ መኪናውን ከጎን በእጅዎ በደንብ ይግፉት። ከተወዛወዘ አውርደው እንደገና ይጀምሩ። የፈቱትን ጎማ ከመኪናው ጠርዝ ሥር ማጋደም ሁለተኛ ዋስትና ነው።

ቤት ውስጥ የማይነኩ ሥራዎችንም እዚሁ እንናገር፦ የሾክ ሞላ መፍታት (የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ አጥንት ይሰብራል)፣ ኤርባግና ቢጫ ሶኬት ያላቸው ገመዶቹ፣ የነዳጅ መስመር፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ፣ እንዲሁም በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያለ ብርቱካናማ ኬብል ሁሉ።

የሞተር ዘይት

በአቧራማ መንገድና በከተማ ጭንቅንቅ ለሚሠራ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። 1ኤንዜድ (1NZ) እና 2ኤንዜድ (2NZ) ሞተር ያላቸው ቪትዞችና ያሪሶች ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳሉ፤ ባለ 4 ሊትር አንድ ጄሪካን ይበቃል ማለት ነው። ኮሮላ እንደ ሞተሩና እንደ ዓመቱ ከዚያ ጥቂት ሊበልጥ ስለሚችል 3.5 ሊትር ጨምረው ቀሪውን በመለኪያ ዘንጉ ይጨርሱ። የዘይቱ ዓይነት ጄሪካኑ ላይ 5W-30 ተብሎ የሚጻፈው 5ደብሊው-30 ነው። ዘይት መብላት ለጀመረ ያረጀ ሞተር 10ደብሊው-40 ቢደረግ ጉዳት የለውም፤ የሚያጨስን ሞተር ግን አይፈውስም።

ሞተሩን 5 ደቂቃ ብቻ ያሙቁት። ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻውን ሥሩ ትቶ ይፈስሳል፣ በጣም የጋለ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ያጥፉት፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፣ መኪናውን ከላይ በተባለው መንገድ ያንሱ። የማፍሰሻው ታፖ ከዘይት ቋቱ ሥር ያለው 14 ቁጥር ብሎን ነው። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በእጅ ሲፈቱ ታፖውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይያዙት፣ ከዚያ በአንዴ ወደ ጎን ይሳቡት፤ አለበለዚያ ዘይቱ በክንድዎ ላይ ይወርዳል። 15 ደቂቃ ይፍሰስ።

የታፖው ሮንዴላ በየጊዜው በአዲስ ይለወጥ። የሚንጠባጠብ ታፖ ሲያዩ ብዙዎች የሚያደርጉት ማጥበቅ ነው፣ ያ ደግሞ የቋቱን ጥርስ ይበላዋል። ያኔ ቋቱ ራሱ ይለወጣል። ትክክለኛው ልክ 37 ኒውተን ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ታስሮ አሁንም ከተንጠባጠበ ጥፋቱ የሮንዴላው ነው።

ፊልትሮውን ሲፈቱ አሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። በሁለት ቀለበት የታሰረ ፊልትሮ መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግፊቱ ሲጨምር ግን ዘይቱን በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጨዋል። የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ያብሱ፣ በእጅ ያዙሩት፣ ቀለበቱ ሲነካ ካዩ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ይጨምሩ። መፍቻ ለመፍታት እንጂ ለማሰር አይደለም።

ዘይቱን ሞልተው ሞተሩን ያስነሱ፤ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሥሩን በባትሪ መብራት አይተው ያጥፉት፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይለኩ። ከላይኛው ምልክት አይለፍ፤ የበዛ ዘይት በክራንኩ እየተመታ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። አሮጌውን ዘይት በጄሪካን ዘግተው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት እንጂ ቦይ ውስጥ አይድፉት። የአካባቢው ሰው የሚጠጣው ውሃ ከዚያው መሬት ነው የሚወጣው።

የራዲያተር ውሃና ክዳኑ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ይከፈታል፣ ማራገቢያው የሚነሳው ደግሞ 90ዎቹ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ያለ ግፊት ቢሆን ኖሮ ማራገቢያው ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላ ነበር። መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 1.1 ወይም 108 የሚል ቁጥር ያለው ክዳን ግፊቱን ሲይዝ የመፍያው ነጥብ ከ115 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ ስለዚህ መኪናው ቆላ ሲወርድ ደህና ሆኖ አዲስ አበባ ሲመለስ ሊፈላ ይችላል። ብዙ ሰው ራዲያተር አስቀይሮ፣ ፖምፓ አስቀይሮ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ክዳኑ ላይ ነው። ከክዳኑ ይጀምሩ፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ክዳኑን ከፍተው የጎማውን ጠርዝ ይዩ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደነደነ ይለውጡት። መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ አድርገው ይልቀቁ፣ ወዲያው መመለስ አለባት። ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጣብቆና ጠፍጥፎ ካገኙት ያቺ ቫልቭ ተጣብቃለች፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያ ዕቃው ውሃ መሳብ አልቻለም ማለት ነው።

የቧንቧ ውሃ ለአስቸኳይ ጊዜ እንጂ ለዘወትር አይደለም። ኖራው በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይጋገራል፣ ዝገቱ የፖምፓውን ማኅተም ይልጣል። ለመቀየር ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ያላሉ፣ ያፍስሱ። የወጣው ውሃ የዛገ ከሆነ በባትሪ ውሃ (በተጣራው፣ አሲድ ባልሆነው) ሞልተው ሞተሩን አሙቀው፣ አቀዝቅዘው ደግመው ያፍስሱ። ከዚያ ኩላንቱ ያልተበጠበጠ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይሙሉ፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ውሃ አይጨመርበትም። እንደ መኪናው ከ4.5 እስከ 6.5 ሊትር ይወስዳል። ቀለም ዓይነትን አይነግርም፤ ሁለት የተለያዩ ቀዮች ተደባልቀው ዝቃጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጽሑፉን ያንብቡ። ኩላንት ጣፋጭና መርዛማ ስለሆነ የፈሰሰውን ውሻና ሕፃን ከመድረሱ በፊት ያጥቡት።

አየሩን ሳያስወጡ ሥራው አላለቀም። ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ሆኖ ሞተሩን ያስነሱ፣ የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ። አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ይጨምሩ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦም ይሞቃል፤ አረፋው ሲያቆም ይክደኑ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም አረፋው ካላቆመ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር የወተት ቡና የመሰለ ነገር ካለ፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

መንገድ ላይ ከፈላ ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ጥግ ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። 45 ደቂቃ ሳይሞላ ክዳን አይነኩ። በጋለና በጎደለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታውን ያጣምማል።

ባትሪ

አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ቴስተር ይያዙ። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሞቶሪኖውን ሲያዞር ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ አልቋል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። እዚያ ካልደረሰ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቺንጋው ነው፣ አዲሱም ባትሪ በሳምንቱ ይሞታል።

ሞቶሪኖው «ጠቅ» ብሎ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ ዋልታዎቹን ያጽዱ። 10 ቁጥር መፍቻ ይበቃል። ሁልጊዜ ነጌቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ ኋላ ይታሰራል፤ ፖዚቲቩን ቀድመው ሲፈቱ መፍቻው የመኪናውን አካል ከነካ ይቀልጣል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ነጩን ወይም አረንጓዴውን ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጥቡ (ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ)፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ ይፈግፍጉ፣ አድርቀው ያስሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ሳህኖቹ ከውሃው ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መሸፈን አለባቸው፤ ሲጎድል የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አይጨመርም።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሲቆም የሚያልቅ ከሆነ የሚጠጣ ነገር አለ። ቁልፉን አውጥተው፣ በሮቹን ዘግተው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በነጌቲቭ ዋልታውና በተፈታው ገመድ መካከል ያስገቡት። ከ0.05 አምፔር በታች ጤናማ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ የሚያዘው መስመር ነው ሌባው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ከሌላ መኪና ሲያስነሱ ቀዩን ከሞተው ፖዚቲቭ ወደ ደህናው ፖዚቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ነጌቲቭ ወደ ሞተው መኪና ሞተር ብረት ያስሩ። የመጨረሻው ብልጭታ ከባትሪው እንዲርቅ ነው፤ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ካንዴላና የአየር ፊልትሮ

ሞተሩ ሲቆም የሚንቀጠቀጥና ዳገት ላይ የሚነጥቅ ከሆነ ከኮፈኑ ሥር በ10 ቁጥር ብሎን የታሰሩትን ኮይሎች (ለየካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ይንቀሉ። የሞተሩ ምልክት መብራት በርቶ ከሆነ በስልክ የሚሠራ ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ) ይጠቅማል። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር እንደማይተኩስ ይናገራል። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያለዋውጡ፤ ኮዱ ወደ ፒ0302 ከሄደ ጥፋቱ ኮይሉ ነው፣ ካልሄደ ካንዴላው ወይም ሌላ ነገር ነው።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፣ ቴስታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲግል ጥርሱ ከካንዴላው ጋር ይወጣል። ከመፍታት በፊት ጉድጓዱን በአየር ያጽዱ። አዲሱን በማስረዘሚያው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ያዙሩት፤ ገና በሁለተኛው ዙር ከከበደ ጠሟል፣ ያውጡት። ከተቀመጠ በኋላ ግማሽ ዙር፣ ወይም 18 ኒውተን ሜትር። ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ይመልከቱ፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤና ነው፣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የበዛ ቤንዚን ወይም የታፈነ አየር፣ ዘይት የቀባው የቀለበት ወይም የቫልቭ ማኅተም ችግር ነው።

የአየር ፊልትሮ በአቧራ ወቅት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ። አየር የሚነፋበት ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ነው። በውሃ አይታጠብም።

የፊት ፍሬን ሸራ

አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 3 ሲደርስ ይለውጡ፤ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ጣርማ በር ቁልቁል የሚወርዱ ከሆነ 4 ሲቀረው ቢለውጡም ቸኮሉ አይባልም፣ ቀጭን ሸራ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሳልፋል። ፍሬን ሲለቁት እንኳ የሚያፏጭ ስል ድምፅ የማስጠንቀቂያ ብረቷ ዲስኩን መንካት ጀመረች ማለት ነው። የሚያንገራግጭ ድምፅ ከሆነ ግን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ነው፣ ዲስኩም ይታይ። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ከመሀሉ ወይም ከጠርዙ ላይ ተቀርጿል።

የሁለቱም የፊት ጎማዎች ሸራ ይቀየራል፣ ግን አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ። የተበታተነው ሲያደናግርዎት ሌላኛውን ጎን አይተው ይመልሱታል።

1. መኪናውን አንስተው፣ ደግፈው ጎማውን ያውጡ። የፍሬን አቧራውን በውሃ ያርጥቡ፤ በአየር አይንፉት፣ አንዳንድ ሸራ አስቤስቶስ ስላለው ለሳንባ ጠንቅ ነው።

2. የፍሬን ዘይት ዕቃውን ክዳን ይክፈቱና ዙሪያውን ጨርቅ ያድርጉ። እስከ አፉ ከሞላ ጥቂት በመርፌ ሲሪንጅ ያውጡ፣ ፒስተኑ ሲመለስ ይሞላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ከነካ ወዲያው በውሃ ያጥቡ።

3. ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ከሚይዙት ሁለት ብሎኖች የታችኛውን ይፍቱ፣ እንደ ሞዴሉ 12 ወይም 14 ቁጥር ነው። ካሊፐሩን ወደ ላይ ያጥፉት። ሙሉ በሙሉ ካወጡት በሽቦ ከሞላው ላይ ይስቀሉት፣ በጎማ ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተዉት።

4. አሮጌዎቹን ሸራዎች ያውጡና ያነጻጽሩ። ውስጠኛው ብቻ ካለቀ ወይም አንዱ በሰያፍ ከተበላ የካሊፐሩ ተንሸራታች ዘንጎች ደርቀዋል። ያውጧቸው፣ ይጥረጉ፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀቡ። ተራ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት ወይም ቤንዚን ጎማዎቹን ያሳብጣል፣ በወር ውስጥ ፍሬኑ ይይዛል። ሸራ እየቀየሩ ይህን የሚዘሉ ሰዎች ሸራው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅባቸው ይገረማሉ፤ መልሱ እዚህ ነው።

5. አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አስደግፈው በትንሽ የእጅ ሞርሳ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉት። እየከበደ ከሄደ አያስገድዱ። ፒስተኑ ዝጓል ወይም ቱቦው ከውስጥ ተዘግቷል፣ ሁለቱም የባለሙያ ሥራ ናቸው።

6. ሸራው የሚቀመጥበትን የብረት መስመር በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። አዲሱ ሸራ በእጅ ግፊት ብቻ ገብቶ መንሸራተት አለበት፣ በመዶሻ የገባ ሸራ አይመለስም። ፊቱን በቅባት እጅ አይንኩት።

7. ካሊፐሩን መልሰው ብሎኑን በ34 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ጎማውን ያስሩ፣ መኪናውን ያውርዱ፣ 21 ቁጥር ዳዶዎቹን በተቃራኒ እየዘለሉ በ103 ያጥብቁ።

8. ሁለተኛውን ጎን እንዲሁ ከጨረሱ በኋላ፣ መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡ። ይህ ከተረሳ መኪናው ከግቢው ሲወጣ የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለል ይወርዳል። ዘይቱን አይተው ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይጨምሩ፣ ባመዛኙ ዶት 3 ነው።

ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፤ መኪናው አየሩ ሳይወጣ ከግቢ አይውጣ። ጠንካራ ከሆነ ጭር ባለ መንገድ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለስለስ ባለ ፍሬን 8 ወይም 10 ጊዜ ያውርዱት፣ በመሀሉ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይረግጡ ይንዱ፣ ሙሉ ለሙሉም አያቁሙ። ትኩስ ሸራ በአንድ ቦታ ዲስኩን ይዞ ሲቆም የሚያስቀረው አሻራ ነው ኋላ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች አሁንም በ103 ይፈትሹ፤ ቸርኬው ሲቀመጥ አንድ ሁለቱ ትንሽ ይዞራሉ።